የሚጢጢ መዝገብ

መስከረም 12

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ያመጣልኝ ሹፌሩ ጓደኛህ መናኸሪያ ድረስ ጠርቶ ሲሰጠኝ፣ ወንድምሽ ቸኩሏልና ቶሎ መልሺለት አለኝ። ምን እንዳስቸኮለህ ከፍቼ ሳነብ ገባኝ። ጤንነቴን በአንድ መስመር ጠይቀህ የቀረውን ገጽ ስለ አምናው ቅጣትህ ሞልተኸዋል። ይሁን። እኔም ስልኩን ትቼ በወረቀት የምመልስልህ በስልክ ስታባብለኝ ስለምሸነፍ ነው።

መልሱ አይፋቅም ነው። ጠጥቶ ማሽከርከር መዝገብ ላይ አምስት ዓመት ይቆያል። እስከዚያ ሁለተኛ ከተያዝክ መንጃ ፈቃድህ ለዘለቄታው ይሰረዛል፤ ሰው ጎድተህ ከተገኘህ ደግሞ እስሩ እስከ ሰባት ዓመት ይደርሳል። የሕዝብ አውቶቡስ ሹፌር ነኝና ያዝኑልኛል ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ እንዲያውም ለአንተ ዓይነቱ ይከብዳል። ዳኛ አናግሪልኝ ያልከውን እንዳልጻፍከው እቆጥረዋለሁ። እኔ የችሎት ጸሐፊ ነኝ፤ የተባለውን እጽፋለሁ እንጂ የሚባለውን አላዝም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ትራፊክ ችሎት ተቀምጬ የሰካራም ቃል ስጽፍ ኖርኩ። አሁንማ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ መጻፍ እችላለሁ። «ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት።» አንድም ሰው ሦስት ጠጥቶ አያውቅም። አጥንት የሰበረውም ሁለት፣ ነፍስ ያጠፋውም ሁለት። የትናንቱ መጠጥ በላባቸው ሲወጣ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ይመጣል። ከረሜላ አኝከው ይገባሉ፤ ሽታው ከከረሜላው ጋር ሲደባለቅ ጭራሽ ያቅለሸልሻል። ምሳዬን በልቼ መግባት ከተውኩ ቆየሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን ያሳቀኝን ልንገርህ። በአንድ ቀን ሁለት መዝገብ መጣ። አንዱ ሰክሮ የሰው እግር የሰበረ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሌላው የአባቱን መኪና ሰርቆ፣ ጠጥቶ፣ እሱም የሰው እግር የሰበረ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ። ሹፌሩ አራት ዓመት ተፈረደበት፣ መንጃ ፈቃዱም ተሰረዘ። ልጁ ወደ ወጣቶች ችሎት ተላልፎ በምክርና በዘመድ ክትትል ተለቀቀ፤ መዝገቡም አሥራ ስምንት ሲሞላው ይዘጋል። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ «ምነው ልጅ በሆንኩ» ብሎ ጮኸ። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ልጅህን ሚጢጢን ሳምልኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት ብለህ ስትጽፍ አላመንኩም፤ በእኔ ዓይን ገና ከጠረጴዛ በታች ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ካንተ ሌላ የላትም። መጠጡን ለእሷ ስትል ተወው። ለእኔ ስትል ብዬህ እንዳልሆነልኝ አውቃለሁ።

እህትህ


ኅዳር 3

ለውድ እታለሜ፤

ከሁሉ በፊት የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ይህን ያህል ጊዜ መልስ ሳልሰጥ በመቆየቴ ይቅር በይኝ፤ እጄ ብዕር አልይዝ ብሎኝ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቢ ቁጭ ብለሽ ይሁን። ሰው አልሞተም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዕረፍት ስለነበርኩ፣ የጎረቤቴን ትንሽ መኪና ተውሼ ሚጢጢን ከትምህርት ቤት ላመጣት ሄድኩ። ካልነዳሁ ብላ አስቸገረችኝ። እናት የሌላት ልጅ ነገር ታውቂዋለሽ፣ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ለካስ ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ተደብቃ ስትጠጣ ውላ ኖሯል! እኔ ምን ላውቅ? መታጠፊያው ላይ ጫማ የሚጠግን ሰውዬ ነበረ፤ እሱ ላይ ወጣች። እግሩ ትንሽ ተጎድቷል።

ሐኪም ቤት ደሟን ሲመረምሩት መጠጥ ተገኘበት። እኔን ማንም አልመረመረኝም፤ ለምንስ ይመረምሩኛል። መሪ ለልጅ መስጠቴ ጥፋት ነው፣ አልክድም፤ ለእሱ የሚመጣብኝን የመንገድ ሕግ ቅጣት እቀበላለሁ። እሷ ጉዳይዋ የወጣቶች ችሎት ደርሷል። ዳኛው ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ በዘመድ ክትትል ትቆይ ብሏልና አንቺ ጋ ትምጣ። እዚህ ሰፈሩ በጣት ይጠቁማታል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስለ አደጋው አትጠይቂያት። ሲጠይቋት ይብስባታል።

ወንድምሽ


ኅዳር 11

ለወንድሜ፤

ሚጢጢ በሰላም ደርሳለች። መናኸሪያ ስቀበላት በአንድ እጇ የላስቲክ ከረጢት ይዛ፣ በሌላው የአውቶቡሱን በር ተደግፋ ወረደች። ከረጢቱ ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ አለ፤ ካልታጠበ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ስከፍተው ሽታው ገፍትሮኝ ወጣ። ከአንገትጌው እስከ ጠርዙ መጠጥ ጠጥቶ ደርቋል፣ ትውከት አለበት። ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ አልለቀቀም። እኔ ከዚህ ሽታ ለመሸሽ ወደ ቤቴ የምሮጥ ሰው፣ ሽታው ቤቴ ድረስ በልጄ ልብስ ተጠቅልሎ መጣልኝ።

እንዳልከው ስለ አደጋው አልጠየቅኋትም። ከመቆጣት ግን አልቆጠብኩም። በአሥራ ስድስት ዓመትሽ፣ የአባትሽን ያየሽ ልጅ፣ አታፍሪም አልኳት። ሌላም ብዙ አልኳት፤ እዚህ የማይጻፍ። አንዲት ቃል አልመለሰችም። እውነቱን ልንገርህ፣ አስጠላችኝ። ዝምታዋ ንቀት መሰለኝ። አያታችን በመጠጥ፣ አባታችን በመጠጥ፣ አንተም ያው፤ አሁን ደግሞ ይህቺ ጩጬ! የእኛ ቤት ሰው ጡት ሲጥል ጠርሙስ ነው እንዴ የሚይዘው?

እህል አትቀምስም። በር ሲዘጋ ትደነግጣለች። እስከ ዛሬ ከአፏ የወጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የሰውዬው እግር እንዴት ሆነ አለችኝ። ምን ልበላት? ትንሽ ተጎድቷል ብለህ አለፍከው እኮ። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? ጻፍልኝ። ሐኪም ቤት ሄደህ ጠይቀኸዋል?

እህትህ


ኅዳር 19

ለውድ እታለሜ፤

ሚጢጢን ተቀብለሽ ስላስጠጋሽልኝ ብድርሽን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። ብትቆጪያትም አልከፋም፤ ቁጣ ለልጅ መድኃኒት ነው።

ሰውዬውን በአካል ሄጄ ማየት አልቻልኩም፤ ሥራው ጊዜ አልሰጠኝም። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል ይባላል። ደግነቱ ሥራው ቁጭ ብሎ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዐቃቤ ሕጉ መጠጡን ማን ሸጠልሽ ብሎ ሲጠይቃት ዝም አለች አሉ። አሁንም ዝም ካለች ዳኛው ይጠራጠራል። ትምህርት ቤቱ አጠገብ አንዲት ባለሱቅ አለች፤ ለተማሪ ትሸጣለች እየተባለ ይወራል። ሚጢጢ የእሷን ስም ብትጠራ ነገሩ ያልቃል። ለመሆኑ ላልደረሰ ልጅ የሸጠ ሰው ቅጣቱ ምን ያህል ነው? ብዙ ነው? ሴትዮዋን ለመጉዳት አይደለም፣ እንዲያው ለማወቅ ነው። አንቺ የችሎቱን ወግ ታውቂዋለሽ፤ እንዴት አድርጋ እንደምትናገር ቁጭ አድርገሽ አስጠኚልኝ።

ደግሞም ልጅ ስለሆነች የሚፈረድባት ምክርና ክትትል ብቻ ነው፣ አይደል? መዝገቡም አሥራ ስምንት ሲሞላት ይዘጋል፣ አይደል? የመስከረሙን ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እንዳልተሳሳትሽ ብቻ አረጋግጪልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 26

ሰላምታ የለኝም።

የሻጭ ቅጣት ስንት ነው ብለህ ጠይቀኸኝ መልሱን ልጽፍልህ ተቀምጬ ነበር። አንድ ዓመት እስርና ሱቁን ማሸግ ነው ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። ጠጥቶ የተያዘ ልጅ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያወጣው የሻጩን ስም ነው። ጓደኛውን ይደብቃል፣ የጠጣበትን ቤት ይደብቃል፤ ሻጩ ግን ዘመዱ አይደለምና አሳልፎ ይሰጠዋል። ይህን መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሻጩን የማይጠራ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ሻጭ ከሌለው በቀር።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያሰጣን ነገሩን ሳላካብድ፣ መኪና ለማስነሳት መጀመሪያ የሚረገጠው ምንድን ነው አልኳት። አሰበችና «ነዳጅ» አለች። ፍሪሲዮኑስ አልኳት። ፍሪሲዮን ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሹፌር ልጅ! አንተ ሴት ልጅ መሪ አትነካም እያልክ ከወንበሩ ስታባርራት ነው ያደገችው፤ እኔም ሳባርር አይቼሃለሁ። ፍሪሲዮን የማታውቅ ልጅ ያንን መኪና ከትምህርት ቤት በር አስነስታ ሦስት መታጠፊያ ነዳች? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሉሃል ይሄ ነው፤ እኔን ነው በችሎት ውሸት የምታታልለው!

እርጥቡን ልብስ እንደያዘች ቁጭ አለች። ከዚያ ነገረችኝ። ምን እንዳለችኝ አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን በጽሑፍ እንድታየው እፈልጋለሁ። የእኔ ሥራ ይኸው ነው።

ሰውዬው ሲጮህ ወርደህ አላየኸውም። መጀመሪያ የፈለግከው ከወንበሩ ሥር የተንከባለለውን ጠርሙስ ነው። ነይ ወደዚህ ብለህ ልጅህን በላይህ ስበህ መሪው ፊት አስቀመጥካት። ጠርሙሱን አፏ ላይ ደቅነህ ተጎንጪ አልካት። አልችልም ስትል አፍንጫዋን ያዝክ። የተረፈውን ደረቷ ላይ አፈሰስክ። እሷ ስታስመልስ አንተ ከረሜላ ከኪስህ አወጣህ። «አንቺን ይመክሩሻል፣ እኔን ያስሩኛል። እታለም ጽፋልኛለች» አልካት።

እታለም ጽፋልኛለች! ለሳቅ ብዬ የጻፍኩልህን ወሬ ለልጅህ ጉሮሮ መክፈቻ አደረግከው።

ቅፍፍ አለኝ። የነካኸውን ወረቀት መንካት ቀፈፈኝ፤ ደብዳቤዎችህን በጨርቅ ይዤ ነው ሳጥን ውስጥ የከተትኳቸው። ሰካራም አይቻለሁ፣ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ፤ አንዳቸውም እንዲህ አልቀፈፉኝም። እነሱ ሲሰክሩ ነው የሚያጠፉት። አንተ ያንን ስታደርግ አእምሮህ ቁልጭ ብሎ ነበር።

ልጅቷን እግሯ ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ለምኛታለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንተ ጥፋት ስሰድባት እኮ ጸጥ ብላ ሰማችኝ። የባለሱቋንም ስም የማትጠራው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ሴትዮዋ ምንም አላደረገችኝም አለች። እኔ ብቻ መከሰሴ ይበቃል አለች።

ለማንም አልተናገርኩም። አትናገሪ ብላ አስምላኛለች፤ አባዬ ከታሰረ ማን አለኝ ትላለች። ቀጠሮው ታኅሣሥ 17 ነው። ከዚያ በፊት ፖሊስ ጣቢያ በእግርህ ሂድና ቃልህን ስጥ። በራሱ የመጣ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ይህንንም ጽፋልኛለች በል።


ታኅሣሥ 4

እታለሜ፤

በአባታችን አጥንት፣ በእናታችን ጡት ይዤሻለሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። አሁን ልብሽ ዐረፈ? ሁለት ብቻ ነበር የጠጣሁት። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ እንጂ መጠጡ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሰይጣን ነው ያሳየኝ፤ ሳስበው ለራሴም ይዘገንነኛል። ግን የሆነው ሆኗል። እኔ ብታሰር ማን ይጠቀማል? የሰውዬው እግር ይበቅላል? ሚጢጢን ማን ያስተምራታል? ለእሷ ስል እኮ ነው። እሷ ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች። አሥራ ስድስት ዓመት አሳድጌያታለሁ፤ አንድ ቀን ለአባቷ ብትሸከም ምን አለበት? ፈቅዳ ነው ደግሞ፤ ጠይቂያት፣ አላስገደደኝም ትልሻለች።

እኔ መሪ ካልያዝኩ ምን ነኝ? ሌላ ሥራ አላውቅም። ሰው ሹፌሩ ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ ስሜን የሚያውቀው የለም።

እናታችን ስትሞት እጄን እጅሽ ላይ አድርጋ አደራ ያለችሽን ረሳሽው? እኔ ሥጋሽ ነኝ። ጫማ ጠጋኙ ምንሽ ነው?

ደግሞ ስለ ራስሽም አስቢ። ነገሩ ከወጣ የመስከረሙ ደብዳቤሽም ይወጣል። የፍርድ ቤት ሠራተኛ ሆነሽ ለዘመድሽ የመዝገብ ነገር ስትጽፊ እንደነበር ይታያል፤ ጡረታ ሊደርስልሽ ሲል ሥራሽን ታጪያለሽ። እኔ አላወጣውም። ግን አብረን ነው የምንወድቀው ለማለት ነው።

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው። ያንቺን እኔ ይዤዋለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 18

ለወንድሜ፤

ትናንት ሲያወጡህ ዞር ብለህ አየኸኝ፤ የምትለኝ ነገር ያለህ መስሎኝ ተነሳሁ፤ ፖሊሱ ግን አላቆመህም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ያው ጓደኛህ ሹፌር ነው። ከእስር ቤቱ በር ጥበቃዎቹ ቀድመው ያነቡታል ብሎኛል። ያንብቡት።

አቃጥዪው ያልከውን ደብዳቤ አላቃጠልኩትም። እስከ ትናንት ረፋድ ድረስ ግን ላሳየው አላሰብኩም ነበር፤ ይህን እወቅልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው አንተን ስጠብቅ ነበር። ዳኛው ልጅቷን መኪናውን ማን ነዳው ብለው ጠየቋት። እኔ ነኝ አለች። ድምጿ አይሰማምና ድገሚ አሏት፤ ደገመች። መጠጡንስ ማን ሰጠሽ አሏት፤ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወደ አንተ ዞረው የሚጨምሩት አለ ወይ አሉህ። ኮትህን ቆልፈህ ተነሳህ። ተመስገን፣ ሊናገር ነው አልኩ።

«ልጄ ተጸጽታለች፤ ይቅር በሏት» አልክ።

መሐረብ አውጥተህ ዓይንህን ጠረግህ። ደረቅ ዓይን! ጫማ ጠጋኙ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ከፊትህ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ጊዜም ወደ እሱ አላየህም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ችሎት ውስጥ ያለ ጥያቄ ተናግሬ አላውቅም። ትናንት እጄን አነሳሁ። ደብዳቤዎቹን በሙሉ ሰጠኋቸው፤ የራሴንም በእጄ የቀረውን ረቂቅ፣ የመስከረሙን ሳላስቀር። አብረን ነው የምንወድቀው ያልከው እውነት ነው። ዛሬ ጠዋት አለቃዬ በስልክ ጠርቶኝ ማጣሪያው እስኪያልቅ ከሥራ ታግደሻል አለኝ። አልተከራከርኩም። የሰው መዝገብ የሳቅ ወሬ አድርጌ እልክ ነበርና ይገባኛል።

እናታችን አደራ ያለችኝን አልረሳሁም። አደራው ቢከብደኝ ነው እስከ ትናንት የጠበቅኩህ። ግን ያኔ አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር፤ አደራ ያለችኝ ልጅን ነው። አሁን ከአንተና ከሚጢጢ ልጅ ማን እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም።

ሚጢጢ ነጻ ናት። መዝገቧ ትናንትና ተዘጋ። ባለሱቋንም የሚጠራት የለም። ይህን ስነግራት ደስ አላላትም። መሐላ አፈረስሽ ብላ ሌሊቱን አኮረፈችኝ፣ ዛሬም ምሳ አብራኝ አልበላችም። ትክክል ናት፤ መሐላዬን አፍርሻለሁ። አንድ ቀን ታናግረኝ ይሆናል። ባታናግረኝም በቤቴ ውስጥ ትሁን፣ አኩርፋም ቢሆን ትብላ፣ ትማር።

እሁድ የመጠየቂያ ቀን መሆኑን ከማን እንደሰማች አላውቅም። ከጠዋቱ ጀምሮ ለአንተ የምትወስደውን ልብስ ስታጥፍ ነው የዋለችው። እኔ አልመጣም። ገና አልችልም፤ ፊትህን ሳስብ አፌ ይመርረኛል። እሷን ግን አልከለክላትም፤ አባቷ ነህ፤ ይህን የሚሰርዝ ዳኛ የለም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ምንም አልለምንህም። ሽቦው ወዲያ ማዶ ቆማ ታለቅሳለች። አባዬ በእኔ ምክንያት ታሰርክ ትልሃለች። ያኔ አንተ ታዝንና፣ ራስህንም ትልቅ ሰው አድርገህ፣ እጅህን በሽቦው አሾልከህ ፀጉሯን ትዳብሳለህ። አውቅሃለሁ፤ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ።

ይቅር ብዬሻለሁ እንዳትላት።

እህትህ